አፕሪሲቲ የምትባለው ማናት

ኅዳር 14

ለባለቤቴ ለብሎን፣

እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ሳል ከመያዛቸው በቀር እናትህም ደህና ናቸው። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። መነጽር ቤቱ የተማሪዎችን ዓይን ምርመራ ይዞ ነበርና ቀኑን ሙሉ "ሦስተኛውን መስመር አንብብልኝ" ስል እየዋልኩ ቤት ስገባ የራሴን ዓይን መግለጥ ያቅተኝ ነበር። ይህ ግን ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላውን ግማሽ አሁን እጽፈዋለሁ፤ ጽፌ ሳበቃ እንዳልቀደው በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፦ "ዛሬ አፕሪሲቲ መጥታ ነበር። ከምሳ በኋላ ከጎኔ ቁጭ አለች። እሷ ባትኖር ይህን ወር አልወጣውም ነበር።" ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ስንብት ገባህ።

ማናት?

መጀመሪያ ሆቴል መስሎኝ ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ስማቸው በ"ሲቲ" የሚያልቅ ስንት ሆቴልና ቡና ቤት አለ። ሆቴል ግን መጥቶ ከሰው ጎን ቁጭ አይልም። እኔ ቀናተኛ ሴት አይደለሁም፤ ታውቀኛለህ። ያቺ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ስትስቅልህ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ሳህን ነው የሰበርኩት፤ እሱም ሳሙና አንሸራቶኝ ነው።

ሌላም አለ። በእርሳስ መጻፍ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮ በሰማያዊ እስክሪብቶ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭነህ ነበር የምትጽፈው። አሁን ፊደልህ ልስልስ ብሏል፤ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ አይመስልም። ሰው ጉልበት ላይ ተደግፎ የተጻፈ ነው የሚመስለው። የማን ጉልበት እንደሆነ አልጠይቅም።

እናትህ ይህን ጻፊ ብለው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ሳልቀንስ ነው የምጽፈው፦ "አንተ ዝርክርክ፣ ካልሲ ደርብ። ያንን ሳጥን አትመነው፤ ሊፍት በለው ምን በለው፣ በገመድ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ደረጃ እያለ ሰው ለምን ይንጠለጠላል? ከስቷል ብለውኛል፤ ማን እንዳለኝ አትጠይቀኝ።"

የባለሱቁ ስልክ ተጠግኗል። ብትደውል ይሻላል።

ሚስትህ፣
አንተ "ዓይኔ" የምትላት


ኅዳር 29

ለዓይኔ፣

ናፍቆቴን ይህ ወረቀት አይችለውም፤ ስለዚህ አላብራራውም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንደዚያ መሳቄ ለራሴም ገረመኝ። አብረውኝ የሚኖሩት ሽማግሌ "ምን ነካህ?" ብለው ደነገጡ።

አፕሪሲቲ ሴት አይደለችም፤ ቃል ናት። የእንግሊዝኛ ቃል፤ ያውም የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው የረሷት። "መጥታ ነበር፣ ቁጭ አለች" ያልኩት ነገሯ ከፀሐይ ጋር ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ "ፀሐይዋ ወጣች፣ ፀሐይዋ ገባች" እያልን ነው ያደግነው። በዚህ ከተጠየቅሁ ቋንቋውን ጠይቂው እንጂ እኔን አይደለም።

ቃሏን ያስተማሩኝ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነበሩ፤ የሸበቱት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ነው። እዚህ ሁላችንም "አባ ነጥብ" ነው የምንላቸው። ሰው ወሬ ሲያስረዝምባቸው እጃቸውን አንስተው "እዚያ ጋ ነጥብ" ይላሉ፤ አለቀ። ትርጉሟን በደብዳቤ ማስረዳት ያስቸግራል። ስመጣ እነግርሻለሁ።

እናቴ ሊፍቱን አንስታለች። ሥራው እንዳለ ነው። ሊፍት ይወጣል፣ ሊፍት ይወርዳል፤ ሌላ ምን ያውቃል። እርሳሱ ደግሞ በብርዱ ምክንያት ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጋል። ስልኩ ኮሪደር ላይ ነው ያለው፤ ሰው ተሰልፎ፣ ሌላው እየሰማው ነው የሚያወራው። አንቺን እንደዚያ ላወራሽ አልፈልግም። ወደ ኩባንያውም እንዳትደውዪ፤ የቢሮ ሰዎች የሠራተኛ ቤተሰብ ሲደውል ደስ አይላቸውም።

ለእናቴ "ካልሲ ተርፎታል" በያት። ሳሏን ሐኪም ይየው።

ያንቺው ብሎን


ታኅሣሥ 12

ለብሎን፣

ለጤናህ እንዴት ነህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ምክንያቶችህም ደርሰውኛል፤ ብዛታቸው ለአንድ ፖስታ ይከብዳል።

ሰው "ስመጣ እነግርሻለሁ" ካለ ነገሩ ወይ ስጦታ ነው ወይ ጉድ ነው። አንተ ደግሞ ስጦታ ደብቀህ አታውቅም፤ ገና ከበር "ምን እንዳመጣሁልሽ ገምቺ" ትላለህ። ስለዚህ ቃሏን እኔው ፈለግኋት።

የሱቃችን ደንበኛ የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ አሉ። የመነጽራቸው ፍሬም ተሰብሮ ሲመጡ ቃሏን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ "ተሳስተሽ ይሆናል፤ አፕሪኮት የሚባል ፍሬ አለ" አሉኝ። "ፍሬ ከባሌ ጎን ቁጭ አይልም" ስላቸው ሳቁና ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት። መነጽራቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ ቤተ መጻሕፍት ገብተው፣ ከትልቁ መዝገበ ቃላት አግኝተዋት መጡ።

አፕሪሲቲ ማለት በብርድ ወራት የምትገኝ የፀሐይ ሙቀት ናት። "የክረምት ፀሐይ ሙቀት" ብለው ሊጽፉልኝ ነበር፤ "ክረምትማ ዝናብ ነው፤ በክረምት ፀሐይ ማን አይቶ?" አልኳቸው። "የእነሱ ክረምት ብርድ ነው፣ በረዶ ነው፤ የእኛን ጭቃ አያውቁትም" አሉኝ። ተከራክረን "የብርድ ወራት ፀሐይ" በሚለው ተስማማን። ሥሯ ላቲን ነው አሉ። "አፕሪኩስ" ፀሐይ የሚያገኘው፣ ለፀሐይ የተገለጠ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ "መክፈት" ከሚለው ጋር የሚያዛምዱትም አሉ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ሰው ከባድ ከባድ ቃላት ሲሰበስብ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገባት፤ ከዚያ ወዲህ የሚናገራት ሰው ጠፋ። "እንደኔ አይደለችም፤ ሳትሠራ ነው ጡረታ የወጣችው" አሉ አስተርጓሚው።

ቆንጆ ቃል ናት፤ አልክድም። ግን አሁን ነው ይበልጥ የጠረጠርኩት። እንዲህ ያለች ንጹሕ ቃል ለምን ትደበቃለች? "የፀሐይ ሙቀት ማለት ናት" ለማለት አንድ መስመር ይበቃህ ነበር። አንተ የምትሠራው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በባትሪ መብራት፣ ቅባት ተቀብተህ። በጠራራ ቀን ቁጭ ብለህ ፀሐይ የምትሞቀው መቼ ነው? አለቃህ የቀጠረህ ለዚህ ነው?

ለእናትህ ትርጉሙን ስነግራቸው ቀልድ ያወጡለታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አሉ። የያዙትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "ተይው፤ አትጠይቂው" አሉኝ። ከቆዩ በኋላ ይህን አስጻፉኝ፦ "ልጄ፣ ብላ። የሚሰጡህን ሁሉ ብላ። አትምረጥ። ደግሞ ሰው ሲያናግርህ መልስ ስጥ፤ ፊትህን አትዙር።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አንተ ይገባህ ይሆናል። እኔ አልገባኝም።

ዓይኔ የምትላት


ታኅሣሥ 26

ለዓይኔ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

አስተርጓሚው ማነው?

ጡረታ የወጡ ብለሻል። ዛሬ ሰው በስንት ዓመቱ ነው ጡረታ የሚወጣው? ለአንድ ቃል ብሎ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው ወይ ሥራ የሌለው ነው፣ ወይ ሌላ ሥራ ያለው ነው። ደግሞ "ተከራክረን ተስማማን" ብለሻል። እኔና አንቺ ስለ መጋረጃው ቀለም ተከራክረን እስከ ዛሬ ተስማምተናል? መጋረጃውን ሳንገዛ አይደል የወጣሁት። እንዲህ ቶሎ የሚያስማማ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ፀሐዩ ላነሳሽው፦ ከምሳ በኋላ ነው። እዚህ ረጅም በረንዳ አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ያወጡናል፤ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጀርባ እስክትገባ እንቀመጣለን። ሙቀቷ ፊት ላይ ብቻ ነው፤ ጀርባ ያው በረዶ ነው። አባ ነጥብ ዓይናቸውን ጨፍነው "መጣች" ይላሉ። ከሩቅ አገር የምትመጣ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው ነው ጠዋቱን የሚውሉት። ደመና ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ፤ ሾርባ እንኳ አይቀምሱም። አይተሽ፣ ምንም የሚደበቅ ነገር የለውም።

ይልቅ እናቴ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው? የእናቴን ዝምታ እኔ አላውቀውም፤ ተኝታም ታወራለች። "የሚሰጡህን ብላ" ማለቷስ ምንድነው? እኔ ምግብ መርጬ አውቃለሁ? ሳሏ እንዴት ሆነ? በሚቀጥለው ደብዳቤ ራሷ የምትለውን ጻፊልኝ፤ አንቺ አስተካክለሽ ሳይሆን እንዳለ።

ብሎን


ጥር 13

ለብሎን፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። እዚህ ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ቤቱም ሰው ይገባ ይወጣ ነበርና መቀመጫ አላገኘሁም።

አስተርጓሚው ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነው የምታመጣቸው። ባለፈው ሱቅ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርቴን እጅ ነስተው "ደህና ዋልሽ" አሉት። መቅናት ካለብህ በካፖርቱ ቅና።

አሁን ተራው የኔ ነው። "ያወጡናል" ብለሃል። "እንወጣለን" አላልክም። መጀመሪያ ሳነበው አለፍኩት፤ ቆይቶ ነው የወጋኝ። ሥራ ያለው ሰው ለምሳ ይወጣል፤ ማንም አያወጣውም። ሰዎች የሚያወጡት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ እስረኛና በሽተኛ። የትኛው ነህ?

ወደ ኩባንያው ደወልኩ። አትደውዪ ባትለኝ ኖሮ አልደውልም ነበር። አንድ ሰውዬ አነሳ።

"ብሎንን ፈልጌ ነበር፤ ሊፍት ጠጋኙን" አልኩት።

"ምኑ ነሽ?" አለኝ።

"ሚስቱ ነኝ።"

"ቆይ" ብሎ የስልኩን አፍ በእጁ ሸፈነው፤ ከበስተኋላ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ሌላ ሰው ተቀበለውና "እሱ ለጊዜው ሥራ ላይ የለም። ደህና ነው ግን፤ አትስጊ" አለኝ።

"የት ነው ያለው?"

"ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል" ብሎ ዘጋው። ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። ጥፋት የሠራ ባል ላላት ሴት እንደዚያ አይታዘንም፤ ይሳቅባታል እንጂ። ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እናትህ ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል። ራስህን ጠብቅ ብለዋል።

ዓይኔ


ጥር 27

ለዓይኔ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፤ እናቴ ያለችው እዚያ ነውና። "ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል። ራስህን ጠብቅ ብለዋል።" እናቴ እኔን "ራስህን ጠብቅ" ብላኝ አታውቅም። "አንተ ዝርክርክ" ነው የምትለኝ። ካልሲው የት ሄደ? ሳጥኑስ? እንዳለ ጻፊልኝ ብዬ ለምኜሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ለማንም እናት የሚሆን ሰላምታ ላክሽልኝ።

ያችን መስመር ለአባ ነጥብ አሳየኋቸው። የቀደሙትንም አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጎን ለጎን ይዘው አዩዋቸውና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ይኸኛው ላይ ተናጋሪዋ የሉም" አሉኝ።

ቤቱ ሰው ይገባ ይወጣ ነበር ብለሻል። እኛ ቤት ያን ያህል ሰው የሚገባ የሚወጣው ለምንድነው?

ንገሪኝ። እኔም እነግርሻለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን አንቺ ቅደሚ። ስለማላምንሽ አይደለም። ያንን ሳልሰማ የራሴን ብጽፍ እጄ አይታዘዘኝም።

እስረኛ አለመሆኔን ግን እወቂ።

ብሎን


የካቲት 8

ለባለቤቴ፣

ይህን ብቻህን አታንብበው። አባ ነጥብን ከጎንህ አድርጋቸው።

እናትህ ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን አርፈዋል። ሳሉ ወደ ደረት ወርዶባቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር፤ "ቤቴ መልሱኝ" ስላሉ መለስናቸው። በራሳቸው አልጋ፣ መስኮቱ ተከፍቶላቸው፣ እጃቸውን ይዤ ነው ያረፉት። አልተሠቃዩም። ይህን ለማጽናናት አላልኩም፤ ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ መጣ። ያቺ የምትስቅልህ አስተማሪ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ ወንበር ሲጠፋም ከቤቷ አምጥታ የደረደረችው እሷ ናት። አምቻት ነበር፤ ትቼዋለሁ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው ጠራ ብሎ ነበርና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"የዚያችን ቃል ትርጉም ስትነግሪኝ ነው ያወቅሁት" አሉ።

"ምኑን?"

"ሥራ ያለው ሰው ፀሐይ አይሞቅም። በቀን ቁጭ ብሎ ፀሐይ የሚሞቅ ወይ አራስ ነው፣ ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ በሽተኛ ነው። የኔ ልጅ አራስ አይደለም።"

ይህን ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ውሃ አጠጣኋቸው።

"ታዲያ ለምን አትጠይቂው አሉኝ?" አልኳቸው።

"ሰው ሊደብቅ የቆረጠውን ነገር ብትጠይቂው ታስዋሺዋለሽ እንጂ አታስወጪለትም። ሲበስል ራሱ ይወጣል። ለኔ አይደርስልኝም እንጂ።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "አልተቆጣሁትም በይው። እኔም ሳሉ ሲብስብኝ ደህና ነኝ በይው ስልሽ አልነበር? ከኔ ነው የወጣው።"

እኔ ለምን እንደደበቅሁህ ታውቃለህ። በሽተኛ ነው ብለው ከነገሩኝ በኋላ የእናቱን ሞት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ከወረቀት ያንብብ ማለት አልቻልኩም። ስትሻል እመጣና አጠገብህ ሆኜ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። የት እንዳለህ ግን አላውቅም። "ደህና ናቸው" ብዬ ስጽፍ ከዚያ በላይ የሚጻፍ ውሸት አጣሁ፤ ለዚያ ነው አጭር የሆነብኝ። አጭር ውሸት የማይታወቅ መስሎኝ።

የኔ ይኸው ነው። አሁን አንተ ጻፍ። አታሳጥር።

ዓይኔ


የካቲት 21

ለዓይኔ፣

የመጀመሪያውን መስመር አይቼ ወረቀቱን ለአባ ነጥብ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ነው ያነበቡት፤ እናቴ "የኔ ልጅ አራስ አይደለም" ያለችው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እኔ ሳቅሁ። ሳቁ እዚያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ነርሷ መጥታ መጋረጃውን ሳበችልንና ማንም እንዳይገባ አደረገች።

በቃሌ መሠረት ልንገርሽ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ገመድ አልተበጠሰም፤ ይህን እናቴ ብትሰማው ደስ ባለኝ ነበር። እኔ ከሊፍቱ ጣራ ላይ ቆሜ ስሠራ፣ ከላይ የነበረው ሠራተኛ የጨረስኩ መስሎት የኤሌክትሪክ ኃይሉን ለቀቀው። እግሬ በሊፍቱና በግድግዳው ብረት መሀል ነበር። ሐኪሞቹ ለማትረፍ ሞክረው አልሆነም። ግራ እግሬ ከጉልበቱ በታች የለም። ወገቤም ስለተጎዳ በረንዳ ከሚያወጡኝ ሰዓት በቀር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጀርባዬ ተኝቼ ነበርኩ፤ እስክሪብቶ ወደ ላይ ሲያዝ አይጽፍም፣ እርሳስ ግን ይጽፋል። ደብዳቤሽን ከፖስታ ሳጥኑ የሚያመጣልኝ ያው ኃይሉን የለቀቀው ልጅ ነው። እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየኝም።

መጀመሪያ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምውለው። ምግብ ተውኩ። ሰው ሲያናግረኝ አልመልስም። እናቴ ይህን ከዚያ ሆና እንዴት እንዳየችው አላውቅም። አንድ ቀን በግድ በተሽከርካሪ ወንበር በረንዳ ላይ አወጡኝና አባ ነጥብ ጎን አስቀመጡኝ። ኩላሊታቸው ነው የሚያማቸው፤ ከኔ በፊት ብዙ የቆዩ ናቸው።

"ስሟን ታውቃለህ?" አሉኝ።

"የማንን?"

"አሁን ፊትህ ላይ ያለችውን።"

እኔም እንዳንቺ ሴት መስላኝ ነርሷን ለማየት ዞርኩ። ከአደጋው በኋላ ራሴን ከግድግዳው ያዞርኩት ያኔ ነው። ቃሏን ነገሩኝ፤ ከየት እንደመጣች፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብታ እንዴት እንደተረሳች ሁሉ ነገሩኝ። በማግስቱ ደመና ሆነ፤ አልመጣችም። ሳላስበው ስጠብቃት ዋልኩ። ሰው የሚጠብቀው ነገር ካለው ይበላል። ያን ቀን በላሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ሌላውን ሁሉ መጻፍ አቅቶኝ እሷን ጻፍኩ።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። አትምጪ። በዚህ ሁኔታ እንድታዪኝ አልፈልግም። ሆስፒታሉ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣ በአጥሩ ቢጫ ቀለም የሚታወቀው ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር እስኪሠራልኝ እዚሁ ነኝ፤ ከዚያም ወዴት እንደምሆን አላውቅም። ያገባሽው የሕንፃ ደረጃ ሮጦ የሚወጣ ሰው ነበር። ያ ሰው የለም። አንቺ ገና ወጣት ነሽ። ትዳሩ ይቅርብኝ ብትዪ አልፈርድብሽም፤ የሚፈረም ወረቀት ካለ ፈርሜ እልካለሁ። ይህን የምለው ስለምወድሽ ነው።

እናቴን እንደ ልጅ ስላስታመምሽልኝ የምከፍልበት ቃል የለኝም። አባ ነጥብም ፈልገው አጡ።

ብሎን


መጋቢት 3

ለብሎን፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ነው። መነጽር እየለካኋት የነበረች ሴትዮ አብራኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ "አሁን ሦስተኛው መስመር ጠራልኝ" አለችኝ።

ወረቀት ፈርሜ እልካለሁ ብለሃል። ላከው። የመስታወት መጥረጊያ አልቆብኛል።

"አትምጪ" ብለህ ጽፈህ፣ ወረድ ብለህ ደግሞ ሆስፒታሉ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ እንደሆነና አጥሩ ቢጫ እንደሆነ ነግረኸኛል። አትምጪ የሚል ሰው የአጥር ቀለም አይናገርም። አንተ መዋሸት አትችልበትም፤ ይህንን ያህል ጊዜ ያታለልከኝ ስለራቅህ ብቻ ነው።

አኩርፌሃለሁ። እግርህን ስላጣህ አይደለም። እሱን ሳስበው የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነው፤ አሁን አልጽፈውም። ያኮረፍኩት ፊትህን ወደ ግድግዳ ባዞርክበት ሰዓት እኔ እዚህ ስለ ሆቴል ስም እንድጨነቅ ስላደረግከኝ ነው። እናትህ እኮ መንገድ ይችሉ ነበር፤ ኅዳር ላይ ነግረኸን ቢሆን ደግፌ አመጣቸው ነበር። ያንን እናትህ ይቅር ብለውሃል። እኔ ገና ነኝ። አንቺም ደብቀሽኛል ትለኛለህ፤ በለኝ፤ ግን ፊት ለፊት በለኝ።

ኩርፊያ በደብዳቤ አይሆንም። ያኮረፈ ሰው ፊቱ መታየት አለበት፤ አለዚያ ድካም ብቻ ነው። ሱቁን አስፈቅጃለሁ። ሰኞ የሚነሳውን አውቶቡስ ይዣለሁ፤ ይህ ወረቀት ከቀደመኝ ሐሙስ ጠብቀኝ፤ ካልቀደመኝ ደግሞ እኔ ከደረስኩ በኋላ ታነበዋለህ።

እንደደረስኩ አላናግርህም። መጥቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አታባብለኝ፤ አትቀልድብኝ። አባ ነጥብን አስቀድመህ ንገራቸው፤ "ምን ሆና ነው?" ብለው እንዳይደነግጡ፤ "እዚያ ጋ ነጥብ" እንዳይሉኝም። ልጁም፣ ያ ኃይሉን የለቀቀው፣ ይምጣ፤ እሱን አናግረዋለሁ፤ ከሱ ጋ ጠብ የለኝም። ላንተ መቼ እንደምናገር እኔም አላውቅም። ሲያልቅልኝ እጀምራለሁ፤ ከጀመርኩ ደግሞ ታውቀኛለህ።

ብቻ ወንበር ያስቀምጡልኝ። ቆሜ ማኩረፍ አልችልበትም።

ሚስትህ